አንድ ብታዋጡ

ደብዳቤው ሲመጣ ዝናብ ነበር ማታ፣
የጽሕፈት ቤታችን ጣሪያ ባልዲ ሙሉ ጠብታ።
ከንቲባው አደሪቶ መነጽሩን ጠርጎ
ሁለቴ አነበበው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦
«ለአደባባይ ግንባታ፣ ለመንገድ ማስዋቢያ፣
ለትናንሽ ከተሞች የተሰጠ ማነቃቂያ፤
አንድ ብታዋጡ ሦስት እንጨምራለን፣
እስከ ታኅሣሥ ካልዋለ መልሰን እንወስዳለን።»
የሊዝበን ማኅተም ከታች።

እኔ ሂሳብ ያዥ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
የቫል ደ ኡርዜን ሳንቲም ስቆጥር በየሌሊት
አውቀዋለሁ ቧንቧችን የቱ ጋ እንደላላ፣
ገንዳው የት እንደተሰነጠቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፤
ከሦስት ባልዲ አንዱን መሬት እንደሚጠጣ፣
ሐኪም በወር አንዴ፣ እሱም ከቀናው፣ እንደሚመጣ፤
ሴኞር ባልታዛር ኩላሊቱን ሊያሳጥብ
በአውቶቡሳችን እንደሚወርድ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።

«ለቧንቧ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ለቧንቧ የሚል መስመር የለም» አለና ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።
«ደግሞስ ከምድር በታች ያለውን ማን ያየዋል?
አደባባይ ሲሆን፣ ኤውላሊያ፣ ሪባን ይቆረጥለታል።
ሦስት እጅ በነጻ! እምቢ ያለ ሞኝ አይደል?»
ምክር ቤቱ በሙሉ እጁን አወጣ። የእኔም እጅ ወጥቷል።

ያቺ «አንድ» የተባለችው ስልሳ ሺህ ዩሮ ነች።
ከየት እንደመጣች ማንም ሳይጠይቅ መጣች።
አዎ፣ ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ በቀጭን እስክሪብቶ፣
ከአውቶቡሱ ዓምድ ወደ አደባባዩ፣ እያንዳንዱ ዜሮ ቦታውን አግኝቶ።
ሚዛኑ ልክ መጣ። ኦዲተሩም ፈረመ።
ሾፌሩ ዘፈሪኖ ቁልፉን አስቀምጦ ጠረጴዛዬ ዳር ቆመ፤
ምንም አላለም። ቁልፉ ግን ገና ሞቃት ነበር።

በጋውን ቆፈሩ። አስፋልት፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣
በመካከሉ ፏፏቴ፣ ሰማያዊ መብራት በርቶ።
በቀን አሥራ አንድ መኪና የሚያልፍበት መንደር
በክብ መዞር ጀመረ፣ የሚሄድበት ያለው ይመስል ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ዘጠኝ ሺህ ተርፎ አገኘሁ።
«እንመልስ?» አልሁ። እንዳላልሁ ቆጠሩልኝ፤ ዝም አልሁ።
የመለሰ «አልቸገረውም» ተብሎ ይጻፍበታል፣
በሚቀጥለው ዓመት ከድርሻው ይነሳበታል።
እናም መብራት ተከልን፣ ከመብራት አጠገብ መብራት።
የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?
እኛን ግን አደመቀን፣ ዓይን እስኪያምም፣ ሌሊቱ ቀን መሰለ።

ሪባኑ ሲቆረጥ ፏፏቴው አሳለ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ዝም አለ።
ከላይ ሰፈር የዳቦ ጋጋሪዋ ሚስት፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ፣
«ውኃው ሄደ!» ብላ ጮኸች፤ ጭብጨባው ግን አልተቋረጠ፣
ከሊዝበን የመጡት ሰውዬ ለሳሉ ፏፏቴ አጨበጨቡ።

ከላይ የወረደ ገንዘብ ማር ነው፤
በተንጠባጠበበት ይጣበቃል፣
ወደ ተሰነጠቀው ገንዳ አይፈስስም።
ሰጠን ብለን ያመሰገንነው
ስንቆጥረው፣ ለካ፣ አሰጠመን፦
የመብራቱ ሂሳብ በየወሩ ይመጣል፣
ለመብራቱ ደግሞ ደብዳቤ የለም።

ባልታዛር አሁን ከፏፏቴው ጠርዝ ይቀመጣል፣
አንዱ እንዲያሳፍረው አሥራ አንዱን መኪና ይጠብቃል።
ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ።
ስጠጋው፣ «ያምራል» ይለኛል፣ «መቀመጫው ብቻ ይበርዳል።»

ትናንት ሌላ ደብዳቤ። ለብስክሌት መንገድ፤
አንድ ብታዋጡ አራት።
በመንደሩ ብስክሌት ያለው የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው፣ እሱም ጎማው ፈንድቷል።
ምን ያስፈልገናል ብዬ ልጀምር ነበር፣
እጄ ቀደመኝ፦ መዝገቡን ከፍቶ
«የትምህርት ቤት ምድጃ» ከሚለው ዓምድ ላይ
ጣቴ ቆሟል።

ገና አልተንቀሳቀሰም።
በመስኮቱ የባልታዛር ድምፅ ይሰማኛል፣ ይቆጥራል፦
ስድስት።
ረጅም ዝምታ።
ሰባት።